ታንኳ የጠራንበት ጭስ

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሟቹ ለረጅም ዘመን አብራኝ ያስተማረች የአንዲት ባልንጀራዬ ባል ናቸው። ዕድሜ ጠግበው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ንስሐ ገብተው የሞቱ ሰው ስለሆኑ ድንኳኑ ውስጥ ልቅሶው ቀዝቀዝ፣ ጨዋታው ሞቅ ያለ ነበር። እኛ አሮጊቶቹ በአንድ ወገን ንፍሮ እየቆረጠምን ስለ ጉልበት ሕመማችን እናወራለን፤ በሌላው ወገን ጎረምሶቹ ካርታ ይጫወታሉ።

ከጎረምሶቹ አንዱ ስልኩን ከፍቶ ስለ አንድ የሩቅ አገር ጦርነት ያሳያቸው ነበር። ያገሩ ልጆች እርስ በርሳቸው የሚፋጁበት፣ ከተማው ፈርሶ አቧራ የሆነበት አገር ነው። "አንድ ኃያል መንግሥት አውሮፕላኑን ይዞ ቢገባበት እኮ በሳምንት ያጸዳው ነበር" አለ። ሌላው ካርታውን እየወረወረ፣ "ምን ሳምንት አለው! በሦስት ቀን!" አለና ተሳሳቁ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ ስቆጣ የኖርሁ መምህር ነኝ፤ እኔን ጡረታ ቢያወጡኝም ቁጣዬ ጡረታ አልወጣም።

"ምኑን ነው የሚያጸዳው?" አልሁት።

"አማፂውን ነዋ፣ ቲቸር።"

"ከላይ ሆኖ በምን ያውቀዋል? ግንባሩ ላይ ተጽፎበታል?"

ልጁ አቤል ይባላል፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ፊደል ያስቆጠርሁትም እኔ ነኝ። ደንግጦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። "ኧረ ይቅርታ፣ ለጨዋታ ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ለእሱ ጨዋታ ነው። እኔ ግን የያዝሁትን ንፍሮ አስቀመጥሁ። ባልንጀራዬን "እግዜር ያጽናሽ" ብዬ ተነሥቼ ቤቴ ገባሁ። ብገባም ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ እህቴ ብርቄ ፊቴ ላይ መጥታ ድቅን አለች።

ብርቅነሽ ታላቄ ናት፤ ብርቄ ነው የምንላት። አባታችን ለፋብሪካ ሥራ ከሸዋ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው፤ እናታችን ግን የጣና ዳር ልጅ ናት፣ ከደልጊ ወዲህ ካለች አንዲት መንደር። ብርቄም እዚያው እናታችን አገር ለቄስ ተዳረች። ባሏ ቄስ ይባቤ ይባላሉ፤ ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ ውኃው መካከል ባለች ደሴት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ስትዳር ሰፈሩ ሁሉ "የከተማ ልጅ እንዴት ዳጉሳ ልትፈጭ ትሄዳለች!" ብሎ አምቷት ነበር። እሷ ግን ሳቂታ ናት። "ዳጉሳውም እኔን ይፈጨኝ እንደሆን እናያለን" ብላ ሄደች፤ ደልቷት ኖረች።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው ወታደራዊው መንግሥት ሊወድቅ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። የርስ በርሱ ጦርነት ከሰሜን እየተንከባለለ ወደ እኛ ይቀርባል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ኮረዳ ነኝ። በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ፈረንጆች ነበሩ፤ መንግሥት "የወዳጅ አገር አማካሪዎች" ይላቸዋል። አገራቸውን አልጠራም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው የሚተካበት ሥራ ነው። ፊታቸው በእኛ ፀሐይ ቲማቲም መስሎ፣ በቁምጣ ገበያ ወጥተው ሎሚና ፓፓያ ይገዛሉ፤ ለሕፃናት ከረሜላ ያድላሉ። እናቴ እንኳን "ምስኪኖች፣ ልጆቻቸው ናፍቀዋቸው ይሆናል" ትል ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ የሐረር ሰው ናቸው። ውጭ አገር ተምረው የፈረንጆቹን ቋንቋ ስለሚችሉ ከፋብሪካው ወስደው አስተርጓሚ አደረጓቸው። መሬቱ ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ እንደሚነሣ፣ ፎቶውን "የሚያነቡት" ደግሞ አማካሪዎቹ ራሳቸው እንደሆኑ የነገሩን እሳቸው ናቸው። አባቴ ተደነቀ። እኔም ተደነቅሁ። አገራችንን ከእኛ ይልቅ ሊያነቧት ነው ማለት ነው! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ "ቁርበት አንጥፉልኝ" አለ ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሳይለን ነው ያነጠፍንለት።

ብርቄ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ወጉ ይኸው ነው። እናቴ ቅቤ አነጠረች፣ የገንፎ ዱቄት አዘጋጀች፣ መኝታውን ለየች። ብርቄ ግን መምጣት አልቻለችም፤ ከዚያ ዳር የሚመጣ ሰው ሁሉ ሰርጎ ገብ ነው ተብሎ መርከብ አያሳፍሩም ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ግን ይፈቀድለታል። እናቴ ብዙ ካለቀሰች በኋላ የቅቤውን ቅልና የዱቄቱን ስልቻ አስታቀፈችኝና፣ "እንግዲህ ሂጂና እናት ሁኛት" አለችኝ።

መስከረም ነበር። ጣና ክረምቱን ጠጥቶ ጠግቦ ዳሩን ሁሉ አልፎ ወጥቷል፤ ኮረብታው ላይ አደይ ፈክቷል። በመርከብ ቁንዝላ አድረን በማግስቱ ደልጊ ወረድሁ። ከደልጊ እስከ መንደሩ ያደረሱኝ የደሴቷ ባለታንኳ፣ አያ ቢምረው ናቸው። ከደንገል የታሰረች ረጅም ታንኳ አለቻቸው። መንገዱን ሙሉ ሲያወሩኝ፣ የዳሩን ታንኳ ሁሉ ወታደር ሰብስቦ እንዳቃጠለው፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተብላ የተረፈችው የእሳቸው ብቻ እንደሆነች ነገሩኝ። "ዛሬ አገሩ ሁሉ በእኔ ጀርባ ነው የሚሄድ" አሉ እየሳቁ። መርከቡ እኔን ካደረሰ በኋላ ጨርሶ ቆመ።

እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት ሳስታውስ ዛሬም አፌ ይጣፍጠኛል። የበቆሎ እሸት እንጠብሳለን፤ ከውኃ የወጣ ቆረሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ይሠራል። የብርቄ አማት እማማ ተዋበች ይባላሉ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የማይደክም ሴት ናቸው፤ የመንደሩ አዋላጅም እሳቸው ናቸው። "የከተማዋ ልጅ፣ ዓሣ እሾህ እንዳለው አልነገሩሽም?" እያሉ ያሾፉብኛል። ብርቄ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጠዋት ጠዋት ትንሽ አውሮፕላን ቀስ ብላ መንደሩን ዞራ ትሄዳለች። ሕፃናቱ እጃቸውን ያውለበልቡላታል። እማማ ተዋበች ቀና ብለው ያዩና "ይችም ሥራ ፈት" ይሉ ነበር።

ጭሱን ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ከመንደሩ ወደ ደሴቷ ድምፅ አይደርስም፤ ታንኳ የሚጠራው በጭስ ነው። ደረቅ ገለባ ከታች፣ እርጥብ ደንገል ከላይ ይደረግና ይለኮሳል፤ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ጭስ ከሆነ መንገደኛ አለ ማለት ነው፤ ባለታንኳው ሲመቸው ይመጣል። ሁለት ጭስ ጎን ለጎን ከቆመ ግን ነፍስ ነው። ምጥ፣ የእባብ ንድፊያ፣ ቄስ ለንስሐ የሚሻ ሰው፤ ባለታንኳው እህል በአፉ ቢሆን ተፍቶ ይነሣል። "ሁለት ጭስ አይቶ የተቀመጠ ባለታንኳ ሲሞት ፍትሐት አይገባውም" አሉኝ እማማ ተዋበች። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፤ ነፍስ የተጫነባት ታንኳ ከዓይን እስክትሰወር ድረስ እሳቱ አይጠፋም። እሳቱ ከጠፋ ነፍሲቱም ትጠፋለች ይባላል።

የብርቄ ምጥ ከመስቀል በፊት መጣ። ሲጀምራት ጠዋት ነበር፤ በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣም አልተገላገለችም። ሳቂታዋ እህቴ ከንፈሯ ደርቆ፣ እጄን ይዛ "አንጉዬ፣ እናቴን ጥሪልኝ" ትለኛለች። የት አባቴ ሄጄ ልጥራት! ሴቶቹ ማርያም ማርያም ይላሉ። እማማ ተዋበች ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና ጥግ ወሰዱኝ። ያ ተረበኛ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ልጁ ተጋድሟል" አሉኝ። "እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ደልጊ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን።"

"በቃሬዛስ ብንሄድ?"

"ወንዙ ሞልቶ፣ ማጡ ውጦን? አይሆንም። ታንኳ ነው።" ከዚያ ወደ ደጅ ዞረው ጮኹ። "ሁለት ጭስ ነው! ገለባ አምጡ!"

ሁለት ጎረቤት ሴቶች ገለባውን፣ እኔ እርጥብ ደንገሉን ተሸክመን ወደ ዳሩ ሮጥን። እማማ ተዋበች ራሳቸው ለኮሱት። ነፋስ አልነበረም፤ ሁለቱ ጭሶች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ሰማይ ወጡ። ያችን ትንሽ አውሮፕላን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እንደ ወትሮዋ ዞረች፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደግማ ዞረችና ሄደች። ማንም ልብ አላለም። ዓይናችን ሁሉ ደሴቷ ላይ ነው። ታንኳዋ ከደሴቷ ስትለይ እማማ ተዋበች እልል አሉ።

አያ ቢምረው ቄስ ይባቤን ጭነው መጡ። ቄሱ ሁለቱን ጭስ ሲያዩ ለማን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው አውቀዋል፤ ፊታቸው የሰው አይመስልም። ብርቄን በአልጋ አውርደን ደንገሉ ላይ ነጠላ አንጥፈን አስተኛናት። እኔ ራሷን ያዝሁ፣ ቄሱ እግሯ ሥር ተቀመጡ። እማማ ተዋበች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ግንባሯን ሳሟት።

"በይ አይዞሽ ልጄ። እኔ ጭስሽን እጠብቅልሻለሁ" አሏት።

ምን ያህል እንደሄድን እንጃ። ሰዎቹ ዳር ላይ ትናንሽ ሆነው ይታያሉ፤ ጭሶቹ ግን ጎላ ብለው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ይመግቧቸዋል። መጀመሪያ ሁለት አውሮፕላኖች ከበላያችን አለፉ፤ ድምፁ ከኋላቸው መጣ። እነዚህ እንደ ትንሿ ቀስ የሚሉ አይደሉም። ዳሩ ላይ ደረሱና ምድር ተነሥታ ወደ ላይ ስትወጣ አየሁ። ውኃው ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። ጥቁር ጭስ ነጩን ጭስ ዋጠው። ተመልሰው መጡ፣ ደገሙት፣ ሄዱ። ከዚያ ዝም አለ፤ የአያ ቢምረው መቅዘፊያ ብቻ ይሰማል።

ብርቄ "ምንድን ነው?" አለች።

"ነጎድጓድ ነው፣ እቴ" አሉ አያ ቢምረው። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም።

ቄስ ይባቤ ብድግ አሉ። ታንኳዋ ተንገዳገደች። እናታቸው እኮ ናቸው ዳር ላይ ያሉት! አያ ቢምረው መቅዘፊያውን ከውኃ አውጥተው፣ "አባቴ፣ ይቀመጡ። ብንገለበጥ እዚህም ሁለት ነፍስ አለ" አሏቸው። ቄሱ ወደ ዳሩ አዩ፤ ወደ ሚስታቸው አዩ። ሰው እንደዚያ ሲያይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን ፈተው ፊታቸውን ሸፈኑና "እግዚኦ ተሣሃለነ" ማለት ጀመሩ፤ ደልጊ እስክንደርስ አላቋረጡም። እኔ የብርቄን ጆሮ በሁለት እጄ ከድኜ ነበር። መስማቷን ግን ማስቀረት አልቻልሁም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው አንድ ድሬሰር ብቻ ነው። መድኃኒቱ አልቆበታል፤ ቁስለኛ በረንዳው ላይ ተጋድሟል። እጁ ይባረክ፣ ሁሉን ትቶ ከእህቴ ጋር ታገለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። ብርቄም ተረፈች። በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ የአንድ ቁስለኛ ወታደር ራዲዮ ተከፍቶ ሰማሁ። በጣና ምዕራብ ዳር ለአማፂው ምልክት የሚሰጥ ጣቢያ ከነሠራተኞቹ ተደመሰሰ ይላል። ሠራተኞቹ! እማማ ተዋበችና ሁለት ጎረቤቶቻቸው። አንዷ የሚጠባ ልጅ እቤት ትታ ነበር የወጣችው። ቄስ ይባቤ ሲደርሱ የሦስቱን አካል ለይቶ መቅበር አልተቻለም፤ በአንድ ገንዘው በአንድ ጉድጓድ አኖሯቸው።

ሕፃኗን መንደሩ ሁሉ "ካሳነሽ" በሏት አለ። ሰው ሞቶ በዚያው ቀን ልጅ ሲወለድ እንዲያ ነው የሚባለው፤ የሞተውን ትክሰን እንደማለት ነው። ብርቄ አራስ ቤት ተኝታ፣ ለሁለት ሳምንት ከአፏ ቃል ያልወጣ ሴት፣ ያን ስትሰማ ቀና አለች።

"ልጄ የማንም ካሳ አይደለችም" አለች። "የገደሉት ይካሱ።"

ውቢት አለቻት። የገደሉትም አልካሱም።

እኔ ባሕር ዳር የተመለስሁት በእግርና በጭነት መኪና ተንከራትቼ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። የሆነውን ስነግራቸው ጋሽ ወርቁ እኛ ቤት ተቀምጠው ነበር። ሁለት ጭስ ስል የያዙት ብርጭቆ እጃቸው ላይ ቆመ። "ጎን ለጎን?" አሉኝ። "አዎ።" ብርጭቆውን አስቀምጠው ነገሩን። አማካሪዎቹ ከአገራቸው ይዘውት የመጡ የሥዕል መማሪያ አላቸው። እዚያ ላይ ጎን ለጎን የቆመ ሁለት ጭስ ከምድር ወደ አውሮፕላን የሚሰጥ ምልክት ነው፤ "ስንቅና መሣሪያ እዚህ ጣሉ" ማለት ነው። በእነሱ አገር፣ በእነሱ ጦርነት እንዲያ ነበር። ትንሿ አውሮፕላን ያመጣችውን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በጣታቸው እየጠቆሙ ሲያስረዱ ያስተረጎሙት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ተዋጊዎቹ አውሮፕላኖች ወዲያው ተነሡ። የሐረር ሰው ታንኳ በጭስ ሲጠራ የት አይቶ ያውቃል? እሳቸው የተባሉትን ቃል በቃል መለሱ።

እናቴ እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። "እኛን አይጠይቁንም ነበር? ዓሣ የምትሸጥላቸው ሴት ሁሉ ታውቀዋለች እኮ! የስድስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል!" ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት አልመጡም። አባቴ "የሰውየው ጥፋት ምንድን ነው?" ቢላት "ምንም" አለች፤ አሁንም አለቀሰች። እኔም እስከ ዛሬ የምናደደው በጋሽ ወርቁ አይደለም። የምናደደው፣ ሰው በማያውቀው ደጅ ገብቶ፣ የቤቱን ወግ ሳይጠይቅ፣ የትኛው ልጅ ይሙት ብሎ ለመፍረድ እንዴት እንደሚደፍር ነው። እሺ ጥሉ የእኛ ነው። ወንድም ወንድሙን የገደለበት ነውር የእኛ ነው፤ አልክደውም። ገላጋይ ነኝ ብሎ ዱላ የሚያቀብል ግን ምን ይባላል?

ቦምቡ ሦስት ሴቶች ገደለ። ጥፋቱ ይህ ብቻ መስሎን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መንደሩ ጭስ ፈራ። ቀን እሳት አይነድም። እንጀራ የሚጋገረው ጎህ ሳይቀድ፣ በር ተዘግቶ ነው፤ የሴቶቹ ዓይን ቀላ፣ ሕፃናቱ ሳሉ። ሰው ጥሬ ቆረጠመ፤ ትናንት የተረፈ ቀዝቃዛ ቂጣ በላ፤ ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። አንድ እባብ የነደፈው ገበሬ ዳር ተቀምጦ፣ ደሴቷን እያየ ሞተ አሉ። አያ ቢምረው በራሳቸው ፈቃድ አልፎ አልፎ እየመጡ "ማን ታመመ?" ይሉ ነበር፤ ግን ሰው ሲታመም ቀን አይቆጥርላቸውም።

ብርቄ ዝም ያለች ሴት ሆነች። አንድ ጊዜ እናቴ እንደ እኔው በእግርና በመኪና ተንከራትታ ልታያት ሄዳ ስትመለስ፣ "ብርቄ 'በእኔ ጭስ ነው የሞቱት' ትላለች፤ ሌላ ወሬ የላትም" አለችን። ሳቋን የወሰዱት እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ሎሚ ሲገዙ አይቻቸዋለሁ።

ሁለተኛ ልጇን ያረገዘችው ከዚያ በኋላ ነው። ምጧ የመጣ ቀን ቄስ ይባቤ ደሴቷ ላይ ነበሩ። እኔ አልነበርሁም፤ የነገሩን አያ ቢምረው ናቸው። የእናትና ልጅ መርዶ ይዘው ከደልጊ በስተምዕራብ ዞረው፣ በእግራቸው ባሕር ዳር ድረስ መጡ። ምጡ እንደ በፊቱ ሆነባት። ሴቶቹ ቃሬዛ ይዘው ዳሩ ድረስ አወረዷት፤ ገለባም ይዘው ነበር። አንዷ ልትለኩስ ስትል ብርቄ ከቃሬዛው ላይ ተወርውራ ክብሪቱን ቀማቻት። "በእኔ ጭስ ሌላ ሰው አይሞትም" አለች። ለመኗት፣ ተቆጧት፣ አለቀሱባት። እምቢ አለች። መንደሩ ውስጥ ሌላ ክብሪት፣ ሌላ ፍም አልጠፋም ነበር፤ እሷ እያየች ግን ማን ይለኩሳል? እነሱም እኮ ይፈራሉ። ነጠላቸውን ፈተው ወደ ደሴቷ ማውለብለብ ጀመሩ።

"አይቻቸው ነበር" አሉን አያ ቢምረው። እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው። "በማርያም እላችኋለሁ፣ አይቻቸው ነበር። ሴቶች ዳር ላይ ቆመዋል፣ ነጭ ልብስ ይንቀሳቀሳል። ጭስ የለም። ልብስ አጥበው የሚያሰጡ መሰለኝ። ቁጭ ብዬ መረቤን ጠገንሁ።"

ጋሽ ወርቁ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ደጃችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። በር ላይ ቆመው፣ ማንንም ሳያዩ፣ አማካሪዎቹ ሻንጣቸውን ሸክፈው አገራቸው ከገቡ ወራት እንዳለፋቸው ነገሩን። ትንሿም አውሮፕላን መብረር ካቆመች ቆይታለች። ለዚያ ዳር መንደር ግን ይህን የነገረው አልነበረም። ሲመጡ ያስታወቀን የለም፤ ሲሄዱም ያስታወቀን የለም። ያን ቀን ሁለት ጭስ ቢነሣ ከአያ ቢምረው በቀር የሚያየው አልነበረም።

ውቢትን እናቴና እኔ አሳደግናት። ዛሬ እዚሁ ባሕር ዳር ደመወዝተኛ ናት፤ ባል አላት፣ ልጆች አሏት። ስታምጥ የሰማኋት ቀን ሁሉ ከሆስፒታሉ ደጅ ሳልቀመጥ ውያለሁ፤ እሷ ግን ትስቅብኛለች። ሳቋ የእናቷ ነው።

በሣልስቱ ወደ ድንኳኑ ተመለስሁ። አቤል ወንበር ሊያነሣልኝ ሮጠ፤ ተቆጥቼው ስለሄድሁ ፈርቶኛል። አጠገቤ አስቀምጬ ከላይ የጻፍሁትን አንድ በአንድ ነገርሁት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ጓደኞቹም ካርታውን አስቀመጡ። ስጨርስ አስቦ፣ ከልቡ ጠየቀኝ።

"ግን ቲቸር፣ እህትዎ እኮ የሞቱት በወሊድ ነው። በጦርነት አይባልም አይደል?"

ልቆጣው አፌን ከፈትሁ፤ ቁጣ አጣሁ። እውነቱን ነው። ማንም በጦርነት ሞተች ብሎ አያውቅም። ባሏም አይሉም፣ እናቴም እስክትሞት ድረስ "ልጄን በወሊድ አጣኋት" ነበር የምትል። የዚያን ጦርነት ሙታን የሚቆጥር ሰው ቢመጣ እሷን አይቆጥራትም፤ እባብ የነደፈውን ገበሬ አይቆጥረውም፤ በተቅማጥ ያለቁትን ሕፃናት አይቆጥራቸውም። የገደሏት ሰዎችም እንኳን ስሟን፣ መኖሯንም ሳያውቁ አርጅተው በየቤታቸው ሞተዋል።

"አዎ ልጄ፣ በወሊድ ነው የሞተችው" አልሁት። "ክብሪቱን ከጭብጧ ፈልቅቀው ያወጡት ግን ሲገንዟት ነው።"